ከጭስ የወረደው ማሽላ

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ እጅ ጽሕፈቴ ልናገር። የነገሩ ጥፋት የሚጀምረው ከእሱ ነውና።

ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። በልጅነቴ ተድሬ፣ ትዳሩ አልሆን ብሎኝ ፈትቼ፣ ከገጠር ወደ መካነ ሰላም ወጣሁ። ጠዋት ሰው ቤት እየሠራሁ፣ ከሰዓት በኋላ በዕድሜ ግማሼን ከማይሞሉ ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ተማርኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ስህተት ያስፈራዋል። ሌላው ልጅ ሆኖ ሲሳሳት ይሳቅለታል፤ እሱ ግን ትልቅ ሆኖ ሲሳሳት ይሳቅበታል። ስለዚህ አንዲት ፊደል ከጎረቤቷ ከፍ ካለች ገጹን ቀድጄ እንደገና የምጀምር ሆንኩ። አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊይዝ ሲቃረብ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ገና ዘጠነኛ ክፍል ነኝ፤ የከተማውን ንባብ ቤት ቁልፍ እይዛለሁ፤ ከሰው ብዙም አልነጋገርም። ሰው የሚያውቀኝ በጽሕፈቴ ነው።

ከቤተሰቤ የቀረኝ ታላቅ ወንድሜ አድማሱ ብቻ ነበር። ከከተማው የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ ማዘቅዘቅ ከሚጀምርበት ላይ ከሚስቱ ከተዋበች ጋር ይኖራል። ባሌን ጥዬ ስመጣ ዘመድ ሁሉ ተመለሺ ሲለኝ፣ «ትቀመጥ፤ ቤቷ ነው» ያለ እሱ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ፊደል አስቆጠርኩት። ሸካራ ጣቱን በየፊደሉ ላይ እያስኬደ፣ እንደ ድንጋይ አንድ በአንድ እያነሣ ነበር የሚያነብ።

በዚያ ዓመት በሚያዝያ የሚጠበቀው የማሽላ መዝሪያ ዝናብ ሳይመጣ ቀረ። አድማሱ መሬቱን ሁለት ጊዜ በደረቁ አርሶ ጠበቀ። ሰማዩ እንቢ ሲል አልዘራም። ከዘሩት ይልቅ እሱ ተሻለ፤ የዘሩት ሁሉ ፍሬው መሬት ውስጥ አረረባቸውና። የእሱ ዘር ግን ከነዛላው ተርፎለት ነበር።

እኛ አገር ለዘር የሚሆን ማሽላ ከአውድማ በፊት ተመርጦ፣ በእስር በእስር ሆኖ ከምድጃው በላይ ማገር ላይ ይንጠለጠላል። ዓመት ሙሉ ጭስ ሲጠጣ ነቀዝ አይደፍረውም። ጥቁር ይሆናል፤ ሲያሹት ግን ፍሬው ጤነኛ ነው። ከዚያ የሚያወርደው የቤቱ አባወራ ነው፤ የሚያወርደውም በመዝሪያው ቀን ነው። ቤት ውስጥ የሚላስ ቢጠፋ እንኳ ወደዚያ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ዘር ከጭስ ወርዶ ከተበላ ያ ቤት ተፈታ ማለት ነው። ይህን ስነግራችሁ እያወቅሁ እንዳደረግሁት እንድታውቁልኝ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የአሥረኛው የአብዮት በዓል ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ ንባብ ቤቱ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተቻኮለ ሰው ነበር።

«ጓድ የሻረግ፣ ጽሕፈትሽ የማተሚያ ቤት ነው ይላሉ።»

«ይሞከራል» አልኩ።

«አንድ መኪና አለን። ተንቀሳቃሽ መድረክ ይሆናል። የኪነት ቡድኑ ላዩ ላይ እየዘፈነ በሰልፉ መሐል ያልፋል። ጎኑ ላይ የእህል ምርት፣ ፊቱ ላይ ሥዕል፣ በሁለቱም ወገን መፈክር። ጽሑፉ የአንቺ ነው። ከደሴ እንግዶች ይመጣሉ።»

መኪናው ከአንድ ነጋዴ መጋዘን ጀርባ ቆሞ ጎማው ሥር ሣር የበቀለበት አሮጌ ጣሊያን ሠራሽ የጭነት መኪና ነበር። ሾፌሩ ጋሽ ይማም ሃያ ዓመት እህልና ጨው ሲያመላልስበት ኖሯል። ስንደርስ ሞተሩን ከፍቶ አንገቱን ውስጥ ከትቶ አገኘነው።

«ጋሽ ይማም፣ ይነሣል?» አለ ሰብሳቢው።

«መነሣቱን ይነሣል። ግን ወላሂ ይቺ መኪና እህል እንጂ ዘፈን ጭና አታውቅም። ትደነግጣለች።»

አናጢው ጋሽ ሙሔ ሥራውን ጀመረ። የካሶኒውን፣ የጭነት ማስቀመጫውን፣ የጎን መዝጊያ ስፖንዳ በሁለቱም ጎን ወደ ታች ጣለው፤ መድረኩ እንዲሰፋ በግራና በቀኝ የክንድ ያህል ጣውላ ቀጠለበት፤ ከሥሩ ደጋፊ እግር መታለት፤ ዘፋኞቹ እንዳይወድቁ ዙሪያውን አጥር፣ ከኋላ መውጫ ደረጃ አበጀ። ቀይ ጨርቅ ወጠረበት። እኔ በተጣለው ስፖንዳ ላይ በገመድና በጠመኔ መስመር አስምሬ «የልፋታችን ፍሬ» ብዬ በትልልቁ ጻፍኩ። ዝናብ እንዳያወርደው በዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። ጋሽ ሙሔ ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድ እኔ አጎንብሼ የፊደሎቹን እግር አስተካክል ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሻችሁም። በሕይወቴ ያን ያህል ትልቅ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ሁለት ነገር ተበላሸ፤ ሁለቱም በእኔ ነው።

አንደኛው የፊት ሥዕሉ ነው። ኮከብና የእህል ዛላ የሣልኩበት ሰፊ ጣውላ በመኪናው አፍንጫ ላይ ሊመታ ሲል ጋሽ ይማም መጣ።

«ራዲያተሯን ደፈናችኋት እኮ! በሰው እርምጃ ስትሄድ ትግላለች፤ በምን ልትተነፍስ? መሐሉን ብሱልኝ።»

መሐሉ ኮከቡ ነው። «ኮከቡን እንብሳው?» አልኩ። «ሥዕል መሆኑ ይቀራል።»

«እሜቴ፣ ሞተር ሥዕል አይገባውም።»

ሰብሳቢው ከእኔ ጋር ቆመ። ጣውላው ሳይበሳ ተመታ።

ሁለተኛው ማሽላው ነው። በመድረኩ ዙሪያ የሚሰቀለውን ምርት ጋሽ ሙሔ ከእንጨት ሰጋቱራና ከሙጫ አድቦልቡሎ፣ ቀለም ነክሮ፣ በእንጨት ላይ ሰካክቶ አመጣው። አየሁት። የደረቀ ጭቃ ይመስላል።

«ይሄ ማሽላ ነው? ገበሬ ሲያየው ይሥቃል!»

«እህል ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው እቴ» አለ ጋሽ ሙሔ። «መልኩን ወፍ እንኳ ረስቶታል። ማን ያመሳክራል?»

«ገበሬ ያየዋል አልኩህ።»

ጋሽ ይማም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና አለ። «ገበሬው የት አለና? ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ተኝቷል።»

እውነቱን ነበር። ረኃብ ከከላላ በኩልና ከቆላው ያፈናቀላቸው ሰዎች ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሰፍረው ነበር። በየቀኑ ከዚያ ቃሬዛ ይወጣል። እኔ ወደ ንባብ ቤት ስሄድ በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

ወደ ሰጋቱራው ዛላ ተመለስኩ። «እውነተኛ ዛላ አመጣለሁ» አልኩ።

በማግስቱ ወንድሜ ቤት ደረስኩ። ተዋበች ያገኘችውን የጎመን ቅጠል ቀቅላ ከፊቴ አቀረበች። ያለ ጨው ነበር። በልቼ ሳልጨርስ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

«ወንድምጋሼ፣ ለአንድ ቀን ብቻ። ቀለም አይነካውም፣ ሚስማር አይነካውም፤ በሽቦ በራሴ እጅ ነው የማስረው። ሰልፉ እንዳለቀ በጀርባዬ አዝዬ አመጣልሃለሁ።»

ተዋበች ቀና ብላ ማገሩን አየች፤ ከዚያ እኔን። «ዘር ከጭስ ወርዶ ከደጃፍ ሲወጣ የት አየሽ?»

«ይመለሳል እኮ ነው የምልሽ።»

«የወጣ ዘር ተመልሶ ሲሰቀልስ የት አየሽ?»

«ተዋቡ፣ ተይ እንጂ» አለ አድማሱ። ለረጅም ጊዜ በጣቱ ጉልበቱን ሲመታ ቆየና፣ «መኪናው ላይ የጻፍሽው ምንድን ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለራሱ አለው። ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ፊደል ሲገባው የሚያሳየው ነው።

«የእህቴ ጽሑፍ፣ የኔ ማሽላ፤ በአንድ መኪና» አለ። በርጩማ ላይ ቆሞ ሦስቱን እስር አንድ በአንድ አወረደ። ጥቀርሻው ፊቱ ላይ ረገፈ። ተዋበች ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ውጭ ወጣች።

ወንድሜ «አደራ» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

በበዓሉ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ነበር። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያሉት ሰዎች በሰልፉ ሰዓት ወደ መንገዱ እንዳይወጡ ገመድ ተዘርግቶ አንድ ሚሊሺያ ቆሞበታል። መኪናችን በሰልፉ መሐል ገባች። ላይዋ ላይ የኪነት ቡድኑ ከበሮ ይመታል፤ እኔ ከኋላ ደረጃው አጠገብ ተቀምጬ ዛላዎቹን እጠብቃለሁ። ጥቀርሻቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠራርጌላቸው ስለነበር ቅላታቸው ወጥቶ ያበራ ነበር። እንዳልኩት እውነተኛ ማሽላ እውነተኛ ይመስላል። ሰብሳቢው ከታች እያየ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ሩብ መንገድ ሳንሄድ ከፊት በኩል እንፋሎት ተነሣ። ጋሽ ይማም ጥቂት ሊያስታምማት ሞከረ፤ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ስንደርስ ሞተሩ ቀጥ አለ። ከኋላ ያሉት ሰልፈኞች በግራና በቀኝ እየዞሩ አለፉን። ጋሽ ይማም ከጋቢናው ወርዶ የኔን ኮከብ በመዶሻ ነቅሎ መንገድ ዳር ወረወረው።

«አላልኩም? አላልኩም በአላህ?» እያለ ጄሪካን ይዞ ወደ ወንዝ ወረደ።

የኪነት ልጆቹ አንድ ዘፈን ዘፈኑ። ሁለተኛውን ጀምረው መሐል ላይ ተዉት። ሰልፉ ርቆ ወደ አደባባዩ ሄዷል፤ የእኛ መኪና ብቻዋን ቀርታለች። ከገመዱ ወዲያ ያሉት ሰዎች ቆመው ያዩን ነበር። እዚያው ላይ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየኋቸው።

አንዲት ሴት በጀርባዋ ልጅ አዝላ ከገመዱ ሥር ዝቅ ብላ ወጣች። ሚሊሺያው አያት፤ እሱም የገጠር ሰው ነበር፤ ጀርባውን አዞረ። ሴትየዋ መኪናዋ ጎን መጥታ እጇን ዘርግታ አንድ ዛላ ነካች። ጣቷን ወደ አፍንጫዋ ወሰደች።

«ጭስ ጭስ ይላል» አለች በቀጭን ድምፅ። ከዚያ ጮኸች፤ «እውነተኛ ነው! የቤት ነው! እህል ነው!»

ገመዱ ወደቀ። ሲሮጡ አልነበረም፤ የሚሮጥ ጉልበት አልነበራቸውም። እንደ ውኃ ቀስ ብለው ከበቡን። እጅ፣ እጅ፣ እጅ። ሽቦው ሲበጠስ ይሰማኛል። እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ረኃብ አልነበረም፤ አድማሱ በርጩማው ላይ ቆሞ ነው የታየኝ።

«ዘር ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «የወንድሜ ዘር ነው፤ ከጭስ የወረደ ዘር ነው! በእመቤቴ ማርያም ተዉልኝ!»

በመሐላቸው የተቀደደ የሱፍ ባና የለበሱ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«ስሙ! ዘር ነው ብላለች።»

እጆቹ ቆሙ። አንዱ የያዘውን ዛላ መልሶ መድረኩ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ሌላውም አስቀመጠ። ሲሞቱ እንኳ የሌላ ሰው የእርሻ ዘር የማይበሉ ገበሬዎች ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ያንኑ ዘር ለጌጥ የሰቀልኩ ነኝ።

ሴትየዋ ግን ቀድማ በእፍኟ አሽታ ለልጇ አጉርሳው ነበር። ልጁን ከጀርባዋ አወረደች። አፉን ከፈተችና ጣቷን አስገብታ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። ልጁ አላለቀሰም። ከንፈሩን ብቻ ሊዘጋ ይታገል ነበር። የወጣውን ፍሬ በምራቁ እንደራሰ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ይቅር በይኝ እቴ» አለችኝ። «ዘር መሆኑን አላወቅሁም።»

«ተይው!» አልኩ። «ተይው፣ ይብላ! ብሉ! ሁላችሁም ብሉ!»

ተነሥቼ ሽቦውን በጥርሴም በእጄም መበጠስ ጀመርኩ። መዳፌ ተቀደደ። የኪነት ልጆቹ ከበሯቸውን ጥለው አገዙኝ። ከልጅና ከሽማግሌ ጀምረን አደልን። እዚያው በጥሬው ነበር የቆረጠሙት። ሦስቱ እስር እንዲህ በአንድ ጊዜ አለቀ።

የመጨረሻዋን ዛላ ለባለ ባናው ሽማግሌ ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው አገላብጠው ሲያዩዋት ቆዩ።

«ዘንጋዳ ነው?» አሉኝ፤ ቀዩን የማሽላ ዓይነት ማለታቸው ነው።

«አዎ አባባ።»

«ባለቤቱ ማነው?»

«አድማሱ ይባላል። በዓባይ አቅጣጫ፣ አፋፉ ላይ ነው ያለው።»

«እኔም ዘንጋዳ ነበረኝ። ልጆቹ ሲርባቸው አወረድኩና ፈጨሁት። አራት ቀን በሉ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቤት አልሆነልኝም፤ ወጣን። ልጆቹም መንገድ ላይ ቀሩ።» ዛላዋን ወደ እኔ መለሱ። «ሁለተኛ ዘር አልበላም። ይቺን ለባለቤቱ አድርሺልኝ። አንድ ዛላ ያለው ገበሬ ባዶ እጁን አይደለም።»

«አባባ፣ እባክዎ ይብሉ።»

«አብሽሪ፣ እኔ ደህና ነኝ።»

ደህና አልነበሩም። ዓይኔ ያየው ነበር። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ባዶ እጄን ወንድሜ ፊት መቆሜ ታየኝ።

ዛላዋን ተቀበልኳቸው።

ጋሽ ይማም ውኃ ይዞ ሲመጣ ባዶውን መድረክ አየ፤ እኔን አየ፤ ራዲያተሩን ሞላ። አደባባዩ ስንደርስ ንግግሩ አልቆ ነበር። ሰብሳቢው «አዋረድሽን» አለኝ። በዚያው ሳምንት የንባብ ቤቱን ቁልፍ ተቀበለኝ። እንኳን ተቀበለኝ፤ ለዚያ አላዘንኩም።

ከሰልፉ በማግስቱ ማልጄ ከጎረቤት በልውውጥ ያገኘሁትን አንድ ቂጣ ይዤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሄድኩ። ያቺው ልጅ ያዘለችው ሴት ወደ አጥሩ ሥር አመለከተችኝ። ሽማግሌው ባናቸው ፊታቸው ድረስ ተስቦላቸው ነበር።

«ሌሊት አረፉ» አለችኝ።

«ስማቸው ማን ነበር?»

«አባ ነበር የምንላቸው።»

ቀባሪዎቹ አንገታቸው ላይ ማተብ ፈለጉ፣ አላገኙም፤ ማተብ አለመኖሩም ለማንም ማስረጃ አልሆነም። ክርስቲያን ይሁኑ እስላም የሚያውቅ ጠፋ። በመጨረሻ ጋሽ ይማምና ሁለት ደብተራዎች ከሁለቱም ወገን ቆመው፣ እነዚያም የራሳቸውን፣ እነዚህም የራሳቸውን ብለው ቀበሯቸው። እኔ ቂጣውን ለሴትየዋ ሰጠሁ። አንዷ ዛላ ቤቴ፣ ከአልጋዬ በላይ ተንጠልጥላ ነበር።

ዛላዋን ይዤ ወንድሜ ቤት ስደርስ ተዋበች ከደጅ ቆማ ነበር። ፊቴን አላየችም፤ እጄን ነው ያየችው። ሁሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ጣውላውንም ጨምሬ ተናገርኩ። አድማሱ መሬት መሬት እያየ ሰማኝ።

«ልጁ ዋጠው?» አለ።

«ዋጠው።»

«እንኳን።» ከዚያ ቀና አለና፣ «ሰውየው ግን። ለምን ተቀበልሽው?»

«አንተን ብዬ ነዋ ወንድምጋሼ!»

«እኔን ብለሽ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ቁጣ አልነበረበትም። «እኔ እዚያ ብኖር አልቀበለውም ነበር።»

ተዋበች ከበሩ ላይ ሆና፣ «ዘሩ ሲወጣ እኔን ጠየቃችሁ?» አለች። ጨምራ ብትሰድበኝ እወድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለማሳጠር እሞክራለሁ። ዘሩ ከማገሩ ላይ እያለ እነሱ የሚጠብቁት ነገር ነበራቸው፤ እስከ ሚያዝያ በቅጠልም በሥራ ሥርም እንደርሳለን ይሉ ነበር። ቀና ሲሉ ባዶ ማገር ማየት ከጀመሩ ወዲህ ግን የሚጠብቁት ጠፋ። አንድ ዛላ ያንን ሁሉ መሬት አይሸፍንም። ኅዳር ላይ ወደ ሩቅ ቆላ የሚወስደው የሰፈራ ምዝገባ ሲመጣ አድማሱ ሄዶ ተመዘገበ።

የጫናቸው ያው መኪና ነው። መድረኩ ተነቅሏል፤ ስፖንዳው ወደ ቦታው ተመልሷል። ጽሑፌ ግን እንዳለ ነበር። ጋሽ ይማም በላምባ ሊያጥበው ሞክሮ አቅቶት ነበር።

«ምን ብለሽ ነው ሁለት ጊዜ የቀባሽው?» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

አድማሱና ተዋበች ከሌሎቹ ጋር ካሶኒው ላይ ቆመዋል። ወንድሜ የነጠላውን ጫፍ ቋጥሮ በእጁ ይዟል። በቋጠሮው ውስጥ ያለው ያቺ ዛላ መሆኗን አውቄያለሁ። ጎንበስ ብሎ በስፖንዳው የውስጥ ገጽ ላይ ጽሑፌን አየ። ስፖንዳው ሽቅብ ስለተመለሰ ፊደሎቹ ተገልብጠውበት ነበር፤ ቢሆንም ጣቱን ዘርግቶ በየፊደሉ ላይ እያስኬደ፣ እንደ ድንጋይ አንድ በአንድ እያነሣ አነበበው።

«የ... ል... ፋ... ታ... ች... ን... ፍ... ሬ።»

ጨረሰና አየኝ። እንደ ድሮው፣ «ልክ ነኝ?» የሚል ዓይን ነበር።

«ልክ ነህ ወንድምጋሼ» አልኩት።

መኪናዋ ሄደች። ተዋበች አልዞረችም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ይህን የጻፍኩት ይቅርታ ፍለጋ አይደለም። ይቅር የሚለኝ ሰው አንዱ ስሙ ሳይታወቅ ተቀብሯል፤ ሌላዋ አልዞረችልኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርቴን ጨርሼ አስተማሪ ሆንኩ፤ ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ። የተማሪ ደብተር ሳርም ጽሕፈቱ ያማረ ከሆነ ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ። በማማሩ ተስቤ የተጻፈውን ሳላየው እንዳልቀር እፈራለሁ። የሰፈሩትን ላለማየት እዞርበት በነበረው መንገድ ዳግመኛ ዞሬ አላውቅም። ይህ ሁሉ ግን ለሽማግሌው አልደረሰም። ሰው ሁሉ ሰጠሽ እያለ ያጽናናኛል፤ ስለ ሰጠሁት አይደለም እንቅልፍ የማጣው። ስለ ተቀበልኩት ነው። የወንድማችሁን ተስፋ በአንድ እጅ፣ የማታውቁትን ሰው ሕይወት በሌላው ይዛችሁ በዚያች ቅጽበት ብትቆሙ ምን ታደርጉ እንደነበር አላውቅም። እኔ ያደረግሁትን ግን አውቃለሁ።

ከሁለት ዓመት ግድም በኋላ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። በወንድሜ እጅ የተጻፈ፣ መስመሩ ሽቅብ የሚወጣ፣ ትልልቅ ፊደል ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ አልመጣም፤ ዘመን ተለውጦ ሰው ሲመለስ ብጠይቅም ያየው አላገኘሁም። አንዲት ፊደል ሳላስተካክል እንዲህ ይላል፤

«ተዋበች በወባ ሞተች። ሰላም ነሽ ወይ። የሰውየው ማሽላ በቅሏል። ዘር ይዣለሁ። ጭስ ላይ ነው።»